ጋሽ ሸምሱ ያበላሹልን ሞተር

አላመንኩም። ጠዋት ተደውሎልኝ «ጋሽ ሸምሱ አረፉ» ሲሉኝ «የቱ ሸምሱ?» ነው ያልኩት። መርካቶ ውስጥ ስንት ሸምሱ አለ። ሌላው ይሁን ብዬ መመኘቴ ነው፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

ትናንት እኮ ሶማሌ ተራ በጋራዣቸው በር ሳልፍ ግማሽ አካላቸው ሞተር ውስጥ ገብቶ፣ ቀና ሳይሉ ካቻቪቴያቸውን ወዝወዝ አድርገው ሰላም ብለውኛል።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ሸምሱ ነዳጇን ኮምፒውተር የሚመጥንላትን ኢንጄክሽን መኪና፣ ኮምፒውተር ወደማይፈልገው የድሮ ካርቡሬተር የሚቀይሩ መካኒክ ነበሩ። ኮምፒውተሯ ተቃጥሎ፣ ዕቃዋ ከገበያ ጠፍቶ፣ «ፈታተሽ ሽጫት» የተባለች መኪና ሁሉ መጨረሻዋ እሳቸው ጋ ነው። ዘንድሮ አገሩ ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሲያወራ፣ እሳቸው መኪናን ወደ ድሮዋ እየመለሱ ያድኑ ነበር።

መኪና ሲመጣላቸው ቶሎ ኮፈን አይከፍቱም። መጀመሪያ «ውሎዋ የት ነው?» ይላሉ። ቆላ የምትወርደውና እዚሁ መርካቶ የምትውለው አየሩ ስለሚለያይ ካርቡሬተራቸው እኩል አይስተካከልም። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌ ይመስላሉ እያልን እንስቅባቸው ነበር።

ሲጨርሱ ደግሞ ሻይ የሞላ ብርጭቆ እየሠራ ባለው ሞተር ላይ ያስቀምጣሉ። ጠብ ካለ እንደገና ይጀምራሉ። ካልፈሰሰ ሻዩን ራሳቸው ይጠጡታል።

የኛ ፒክአፕ የአባዬ ናት። ስኳሩ ዓይኑን ሲወስድበት እኔ ተረከብኳትና ከእህል በረንዳ ጤፍ ማመላለስ ያዝኩ። አባዬ ሰባተኛ ሰፈር ካለው ግቢያችን አልወጣም ብሎ ተቀመጠ። ሰው እጄን ይዞ እየመራኝ አልሄድም አለ። የቀረችለት የመኪናዋ ድምፅ ብቻ ናት። አመሻሽ ላይ ወደ ሰፈር ስትታጠፍ ይሰማትና፣ እኔ ገና ሳልደርስ «በሩን ክፈቱላት» ይላል።

ከዛ ኮምፒውተሯ ተቃጠለ። ያገለገለ ገዝቼ አስገጠምኩ፣ እሱም ብዙ አልቆየ። ጋሽ ሸምሱ ኢንጄክሽኑን አውጥተው ካርቡሬተር አስገቡላት። የነዳጁን ፓምፕም ቀየሩት፤ የድሮው ግፊቱ ለካርቡሬተር ስለሚበዛ ቤንዚን ያጥለቀልቃታል ብለው አስረዱኝ። ስትነሳ እንደ አዲስ ሆነች። ሻዩ ንቅንቅ አላለም።

ደስ ብሎኝ ቤት ደረስኩ። በሩን የከፈተ የለም።

አባዬ «የማን መኪና ነው?» ይላል። የኛ ናት ብዬ ብነግረው ሊሰማኝ ነው? ሸጠሻት አለኝ። እጁን ወስጄ በሯን አስነካሁት፣ የፒክአፕ በር ሁሉ አንድ ነው አለ። አባዬ እልኸኛ ነው፤ ያኔ ግን እልህ አልነበረም። የቀረችለትን አንድ ነገር የወሰድኩበት ነው የመሰለው። ፊቱን አዞረብኝ፣ ምግብም ቀነሰ። እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ለጋሽ ሸምሱ ነገርኳቸው። ድሮ ቆማ ስትሠራ ሞተሯ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል አመል ነበረው፤ የቆየ በሽታዋ ነው። እሱን ነው አስተካክለው ያጠፉት።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ካቻቪቴያቸውን ኪሳቸው ከተው ቤት ድረስ መጡ። አባዬን በረንዳ ላይ አስቀመጥነው። ኮፈኑን ከፈቱ፣ አስነሷት፣ ከዛ ያንን የተጨነቁበትን ሚኒሞ፣ ቆማ ስትሠራ ያላትን የሞተር ፍጥነት፣ በገዛ እጃቸው ትንሽ ትንሽ እያዞሩ ያበላሹት ጀመር። አባዬ አይደለችም ይላል። እንደገና ያዞራሉ። አሁንም አይደለችም። እኔማ ሁለቱም ሳይሰለቹ ሰለቸኝ።

በመጨረሻ ሞተሯ ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር አባዬ ጆሮውን ወደሷ አዘነበለ።

«እሷ ናት» አለ። «እንዲህ ነው የምታቃስተው።»

ጋሽ ሸምሱ ኮፈኑን ዘጉና ወደኔ ዞረው «ለካ የዚች ውሎ አባትሽ ጆሮ ላይ ነው» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ እየሳቁ፣ ማን ሠራት ብለው ቢጠይቁሽ ስሜን እንዳትጠሪ አሉ። እኔ ግን ላገኘሁት ሁሉ አወራሁት። ሻይ የማይደፋ መካኒክ ብዙ አለ፤ ለአንድ ዓይነ ስውር ሰው ብሎ የገዛ ሥራውን የሚያበላሽ ግን እኔ ሌላ አላየሁም።

ዛሬ ለአባዬ እንዴት እንደምነግረው ጨንቆኝ ነበር። ስነግረው ከተቀመጠበት ተነሳ። ከዛ «ጫማዬን አምጪልኝ» አለ።

ጋሽ ሸምሱ፣ ይሄን የምጽፈው ድንኳንዎ አጠገብ፣ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። አባዬ ድንኳኑ ውስጥ ነው፣ ከልጆችዎ ጋር ተቀምጧል። በሰው ፊት እጁን ይዤ፣ እየመራሁ አስገባሁት። እምቢ አላለኝም።

አላህ በጀነቱ ይቀበልዎ። ደህና ይሁኑ ጋሼ፤ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ አባዬ ከግቢያችን የወጣው ለእርስዎ ነው።