እትዬ ዘነበች በሐይቁ ላይ
በኮሮና ምክንያት ጥምቀት በጉባኤ ባልተከበረበት ዓመት፣ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች እንዳይከፋቸው ብዬ በበዓሉ ዕለት ከላስ ቬጋስ ወጣ ወዳለው ሐይቅ ወሰድኳቸው። ካያክ የምትባለውን ጠባብ ጀልባ ተከራየን።

የሕይወት አድን ጃኬታችንን ለብሰን ትንሽ እንደቀዘፍን ካያኳ ተገለበጠች። ቅዝቃዜው ትንፋሼን ቀማኝ፤ ስጮህ ውሃ ዋጥኩ። እትዬ ግን ካያኳን አንቀው ይዘው፣ «አፍሽን ዝጊ ልጄ። ጠበል ስትጠመቂ እንደምታደርጊው ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» አሉኝ። እንዳሉኝ ሳደርግ ነፍሴ ተመለሰች። ካያኳን ይዘን እየተራገጥን ዳር ወጣን።

መኪናዬ ውስጥ ሂተሩን ከፍተን ስንንቀጠቀጥ፣ «ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ ልገድልዎት ነበር» ብዬ አለቀስኩ።

«አንቺ ምን አደረግሽ?» አሉ ነጠላቸውን እየጨመቁ። «ወደ ውሃው ጎንበስ ብዬ የገለበጥኳት እኔ ነኝ። በጥምቀት ውሃ ሳይነካኝ ቤቴ ልግባ?»