ያልተፋቀው የስልክ ካርድ

ባለፈው ሳምንት ቁም ሣጥን ሳስለቅቅ አንድ የኮምፒዩተር ጌም ሣጥን ከላይ ተንሸራቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ፕላስቲኩ ጥግ ጥጉ ተሰንጥቋል፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ጭምብል ያጠለቀ ሰውዬም ቀለሙ ለቆ ገርጥቷል። ስከፍተው ዲስኩ በቦታው ነው። ከዲስኩ ሥር ደግሞ የስልክ ካርድ አገኘሁ፤ ያኔ ሀገር ቤት የምንደውልበት፣ የሚስጥር ቁጥሩ በብርማ ቀለም ተሸፍኖ በጥፍር የሚፋቀው ዓይነት። አልተፋቀም። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የዚያ ምድር ቤት ሽታ መጣብኝ፤ የእርጥብ ምንጣፍና የጋለ ኮምፒዩተር ሽታ። ባለቤቴ «ይጣል?» አለችኝ። «ተይው» አልኳት፤ ድምፄ ለራሴም ሻከረኝ።

ይኸውልህ፣ ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት፣ ዘጠኝ ግድም ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ ጓደኛ ማለት እንኳ ያንሰዋል። የአንዲት ሴትዮ ምድር ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ ሥራው አየር ማረፊያ ዊልቸር መግፋት ነው። አሮጊትና ሽማግሌ ከበር በር ሲያደርስ ውሎ፣ እግሩ አብጦ ይመጣና ያቺ መሐሏ የጎደጎደ ሶፋ ላይ ዘፍ ይላል። ጫማውን እያወለቀ «በሉ፣ ዓለም ያለቀችበት ቦታ እንሂድ» ይለናል።

ዓለም ያለቀችበት ቦታ የሚለው ጌሙን ነው። ታሪኩ ቀላል ነበር። ከተማው ሁሉ አመድ ሆኗል፤ አንድ ሰው ጭምብል አጥልቆ፣ ከስድስት ሰባት የማይበልጥ ጥይት ይዞ የተረፈ ሰው ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው የራሱ ትንፋሽና የጫማው ኮቴ ብቻ ነው። አምስት ሆነን እንጫወተው ነበር፤ ጌሙ ውስጥ የሞተ ሰው መቆጣጠሪያውን ለሚቀጥለው ያቀብላል። ታክሲ የሚነዳው ጓደኛችን ያገኘውን በር ሁሉ በርግዶ ስለሚገባ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ አያውቅም። «ተሳፋሪ የረሳህ መሰለህ?» እያልን እንስቅበት ነበር። ዲያቆናችን እሁድ ቅዳሴ ላይ ቀና ብሎ ሰው የማያይ ጭምት ነው፤ ቅዳሜ ጠመንጃ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ይወጣዋል። አራተኛው የታክሲ ነጂው የአጎት ልጅ ነው፤ እዚሁ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ የኮሌጅ ተማሪ። እኔ አምስተኛው ነበርኩ፣ ከሁሉም የባስኩ ነዝናዛ።

ጓደኛዬ ግን አይተኩስም ማለት ይቻላል። ይዞራል። የፈረሰ ቤት ገብቶ ጠረጴዛ ላይ የቀረ ሰሃን ያያል፣ መስኮት ጋ ቆሞ የሚዘንበውን አመድ ያያል። «ተኩስ እንጂ፣ ተራችንን አትብላ!» ስንለው «ቆይ አንዴ፣ ዝምታውን ስሙት» ይላል። እኛ ዝምታው አይገባንም ነበር። ይሰለቸንና በእሱ መሣቅ እንጀምራለን፤ እሱም አብሮን ይሥቃል፤ ግን አሁን ሳስበው ትንሽ ቅር ይለው ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ሁለተኛው ክፍል ሊወጣ ነው ተባለ። ጌም ወዳዶች የሚጻጻፉበት ድረ ገጽ ነበር፤ ገና ካልወጣው ጌም አጫጭር ቅንጭብ ቪዲዮዎች በተለቀቁ ቁጥር ዓለም ሁሉ እዚያ ይራኮታል። ከፊሉ «ጥይት አበዙበት፣ አበላሹት» ብሎ ያማርራል። ከፊሉ «ፀሐይ ለምን አወጡበት?» ብሎ ይቆጣል፤ አንዱማ ካላስለቀሰኝ አልነካውም ብሎ ምሎ ነበር። ጓደኛዬ እንግሊዝኛው ሸፋፋ ቢሆንም ከአንዳቸውም ወደኋላ አይልም። አየር ማረፊያው ውስጥ በምሳ ሰዓቱ ያነበበውን ሲመጣ ይተርክልናል፣ እጁን እያወናጨፈ፣ እንደ ምርጫ ክርክር። «ዝምታውን ከነኩት አለቀልኝ» ይል ነበር። ረጅሙ ቅንጭብ አርብ እንደሚወጣ ሲሰማ ቅዳሜን ቀጠረን። «ኮምፒዩተሬ ሌሊቱን ዳውንሎድ ሲያደርግ ያድራል። እኔ ከሥራ ሳልመጣ ያየ ሰው ጓደኛዬ አይደለም» አለን።

ሐሙስ ዕለት ታክሲ ነጂው ደወለልኝ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። «የእሱ አባት አርፈዋል» አለኝ። «ደብረ ብርሃን። ዛሬ ቀብረዋቸዋል።»

«እሱ ሰማ?»

«አልሰማም። ለጋሼ ነው የደወሉላቸው።»

ጋሼ የምንላቸው የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው። መርዶ በስልክ እንደማይነገር ታውቃለህ፤ እዚህ ደግሞ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ስለሚሆን መርዶም እሁድን ይጠብቃል። ሽማግሌው አርብ ከሥራ መልስ እኛን አራታችንን ቤታቸው ጠሩን።

«ቅዳሜን እናንተ ያዙት» አሉን። «ስልክ እንዳይነካ። እሁድ ጎህ ሲቀድ ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኮ ለአባቱ ይደውላል» አልኳቸው። «ዛሬውኑ ብንነግረውስ ምን ይልዎታል?»

«ልጄ፣ ዛሬ ማን አጠገቡ አለ? ብቻውን እንዲያለቅስ ነው የምትፈልገው?»

መኪና ውስጥ ስንገባ እዚህ የተወለደው ልጅ «ኖ፣ ይሄ ራይት አይደለም። አባቱ ነው እኮ፣ ማወቅ አለበት» አለ። ታክሲ ነጂው «አንተ አይገባህም፣ ዝም በል» ብሎ አስቆመው። ያን ጊዜ ታክሲ ነጂው ልክ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ብትጠይቀኝ አላውቅም እልሃለሁ።

ቅዳሜ እሱ ከሥራ ሳይመለስ ሄድን፤ አከራይዋ ነገሩን ታውቅ ስለነበር በሩን ከፈተችልን፣ ዓይኗ አብጦ። ካርዱ ኮምፒዩተሩ አጠገብ ነበር፣ አዲስ፣ ገና ያልተፋቀ። አነሳሁት። ወዲያው ደረጃው ላይ ኮቴው ተሰማ፤ ደንግጬ የመጀመሪያውን ጌም ሣጥን ከፈትኩና ከዲስኩ ሥር ሸጎጥኩት፣ ሣጥኑን ደግሞ ጃኬቴ ውስጥ። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው እስከ እሁድ ድረስ ብቻ የሚል ነገር ነበር።

እየሣቀ ገባ። የአየር ማረፊያ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። በዚያች ከጣራው ሥር ባለች ጠባብ መስኮት የሚቀልጥ በረዶ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል፤ የከሰዓት ብርሃን ምንጣፉ ላይ ቀጭን ሆኖ ወድቋል።

«መጀመሪያ አባባ ጋ ልደውል» አለ። «ካርዴን ያየ አለ?»

ኪሱን ፈተሸ፣ ጠረጴዛውን ፈተሸ። «እዚህ ነበር እኮ ያስቀመጥኩት።» ጎንበስ ብሎ ሶፋው ሥር ሲያይ እኔም ጎንበስ አልኩ። ትራስ እየገለበጥኩ አብሬው ፈለግሁ። ሣጥኑ ደረቴ ላይ እየቆረቆረኝ አብሬው ፈለግሁ! መስረቄ ሳይሆን ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። በመጨረሻ ሰዓቱን አየ።

«ስምንት ሰዓት ሆኗል። እዚያ ማታ አምስት ሰዓት ነው፣ አባባ ተኝተዋል» አለ። «በቃ አልቀሰቅሳቸውም። ነገ ከቅዳሴ መልስ እደውልላቸዋለሁ።»

ዲያቆኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቅንጭቡ ተጀመረ። ያው ጭምብል ያጠለቀ ሰው በአመድ ውስጥ እየሄደ ነው። ጥቂት ተኩስ አለ፤ ከዚያ ተኩሱ ይቆምና ሰውዬው አንድ ቤት ይገባል። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ በአቧራ የተሸፈነ ብርጭቆ። አንደኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሙዚቃ የለም፣ ንግግር የለም፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል፣ ለረጅም ጊዜ። በዚህ ሰዓት በሌላ ቀን ቢሆን ታክሲ ነጂው «ምሳ እየጠበቀ ነው?» ብሎ ያስቀን ነበር። ያን ቀን ግን ማንም አልተናገረም። እኔ ማያ ገጹን ሳይሆን የጓደኛዬን ጀርባ ነበር የማየው፣ ላብ ያረጠበውን የሥራ ሸሚዙን።

ሲያልቅ ዘወር አለ። ሁላችንም ዝም ብለናል። የታክሲ ነጂው ዓይን እንባ ሞልቷል፣ አፉን በመዳፉ ይዟል። የጓደኛዬ ፊት ቀስ ብሎ በራ። እንደዚያ ሲበራ አላየሁትም ነበር።

«ገባችሁ!» አለ። «አላልኳችሁም? በመጨረሻ ገባችሁ!»

ታክሲ ነጂውን አቀፈው፤ ሰውዬው ትከሻው ላይ ተንሰቀሰቀ። ጓደኛዬ ጀርባውን መታ መታ እያደረገ «አይዞህ፣ እኔም መጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ነበር የሆንኩት» አለው። ደግሞ ከፈተው። ሦስቴ አየነው፣ ሦስቱንም ጊዜ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ ብለን። እዚህ የተወለደው ልጅ በሦስተኛው ተነስቶ ወጣ። ሲመሽ ስንለያይ ጓደኛዬ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ እየጻፈ ነበር።

እሁድ ጎህ ሲቀድ መኪኖች መብራታቸውን አጥፍተው በመንገዱ ዳር ተደረደሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በግማሽ የቀለጠው በረዶ ላይ ቆሙ። ሽማግሌው ሲያንኳኩ ራሱ ነው የከፈተው፣ ለቅዳሴ ነጭ ለብሶ። ጋሼን አየ፣ ከኋላቸው ያለውን ሰው አየ፤ ከዚያ እኔን ፈልጎ አገኘኝ። የጠየቀውም እኔን ነው።

«ማን ነው?» አለኝ።

እኔ መሬት አየሁ። የነገሩት ጋሼ ናቸው። ጩኸቱን አልነግርህም።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። በሁለተኛው ቀን ምድር ቤቱ ውስጥ ካለው ፍራሽና ሰው ሁሉ ሥር አንድ ነገር ሲያንጎራጉር ሰማሁ፤ ኮምፒዩተሩ ከቅዳሜ ጀምሮ አልጠፋም። ላጠፋው ሄጄ ማውሱን ስነካው ያ ድረ ገጽ ተከፈተ። ቅዳሜ የጻፈው እዚያው አለ፣ በዚያ በሸፋፋ እንግሊዝኛው። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነበር፦ «ዛሬ ከአራት ወንድሞቼ ጋር አየሁት። ሁልጊዜ በዚህ ጌም ይሥቁብኝ ነበር። ዛሬ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም፤ አንዱ እንዲያውም አለቀሰ። ጥይት በዛ፣ ፀሐይ ወጣ የምትሉ ሁሉ ተሳስታችኋል። ከምትወዷቸው ሰዎች ጋር እዩት።» ከሥሩ የማያውቃቸው ሰዎች መልስ ጽፈውለታል። አጠፋሁትና ወደ ሐዘንተኛው ተመለስኩ፤ አጠገቡ ስቀመጥ ትከሻዬ ላይ ተደገፈ። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም።

በአርባው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ ለብቻችን ሆንን። ጢሙን አሳድጎ ነበር።

«ካርዱ አንተ ጋ ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ። ላምጣልህ?»

«አይ፣ ምን ይሠራልኛል።» ጢሙን አሻሸ። «በእሱ አልተቀየምኩም። የዲያቆኑ እናት ያረፉ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ያዞርኩት እኔ አይደለሁ? እኔም ብሆን እደብቀው ነበር።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ያ ዝምታ ነዋ» አለኝ። «ጌሙ ገብቷችሁ መስሎኝ ነበር እኮ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ነበር፤ ሽማግሌው መጥተው እጁን ያዙትና ሄዱ።

ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ ማናችንም አላነሳነውም። ቅዳሜያችን በዚያው ቀረ። እሱ አሁን ቶርንተን የሚባል ከተማ ነው የሚኖረው፣ ሦስት ልጆች አሉት፤ ክርስትናና ሠርግ ላይ እንገናኛለን። ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፣ ሳህኔ ላይ ይጨምርልኛል። ጨዋ ነው። እኔ ግን ያንን ነዝናዛ፣ «ቆይ አንዴ» እያለ ተራዬን የሚበላብኝን ሰው ነው የምፈልገው፤ እሱን አጥቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንትም ካርዱን ወደ ዲስኩ ሥር መልሼ አስቀመጥኩት።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህና ይብቃኝ። በአርባው ዕለት ቤት እንደገባሁ ያንን ገጽ ከፍቼ ነበር፤ ከጽሑፉ ሥር ይቅርታዬን ልጽፍለት። የእሱ ቃል የለም። ቦታው ላይ «ጸሐፊው ሰርዞታል» ይላል፣ ሌላ ምንም። መልሶቹ ግን እንዳሉ ናቸው። አንዱ «ዕድለኛ ነህ፣ እኔ ብቻዬን ነው ያየሁት» ብሎታል። ከእሱ ሥር ሌላ ሰው፣ አገሩን እንኳ የማላውቀው፣ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «እነዚያን ወንድሞችህን አጥብቀህ ያዛቸው።»