የሚስቴ አንደበትና የሙሾው ዜማ

በእንጅባራ ከተማ ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ ከእኔ የበለጠ ያጠና ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። አሮጌ የሕክምና መጻሕፍት እየለመንኩ አነበብኩ። ከልኳንዳ ቤት የበግ ጭንቅላት እያመጣሁ አንጎሉን በምላጭ ከፍቼ አየሁ። የሞተች እንቁራሪት እግር በባትሪ ድንጋይ ሳወራጭ ያዩ ሰዎች ጠንቋይ አሉኝ። ስቄ አለፍኳቸው።

ባለቤቴን ስትሮክ ሲመታት ቀኝ ጎኗ ዛለ፤ አንደበቷም ተዘጋ። ሐኪሙ «የተጎዳው የንግግሩ ቦታ ነው» ሊለኝ ሲጀምር «በግራ በኩል» ብዬ ቀደምኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«አባቴ፣ የት ተማሩ?»

«ቤቴ» አልኩት።

ባለቤቴ በጤናዋ ጊዜ የታወቀች አልቃሽ ነበረች፤ ከጥርባ እስከ ግምጃ ቤት ለቀብር ይጠሯት ነበር። ከታመመች ከወራት በኋላ አንድ ቀን በደጃችን ሬሳ አለፈ፤ የሟቹ ፈረስም አጊጦ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ይከተላል። አንድ ቃል መናገር ያቃታት ሴት ከተኛችበት ሆና፣

ፈረሱስ ገባልኝ ልጓሙን ጎትቶ፣
ጌታው ወዴት ዋለ ቤቱን ለማን ትቶ

ብላ አዜመች። ቃሉ አልተዛነፈም። ንግግርና ዜማ በአንጎል ውስጥ መንገዳቸው ለየቅል መሆኑን ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁ።

የሰርግ ዘፈን ሞከርኩላት፤ መዝሙርም ሞከርኩ። እምቢ አላት። አንደበቷ የሚፈታው በሙሾ ብቻ ሆነ። «ውሃ ስጡኝ» የሚለውን በሙሾ ዜማ አልኩላት፤ ተከትላኝ አለችው።

ጎረቤታችን በአጥር በኩል ሰማችን። «አያ፣ ሰው ሳይሞት ቤት ውስጥ ሙሾ? ሞትን ከነአድራሻው እየጠሩት እኮ ነው» አለችኝ።

«አድራሻችንንስ ድሮም ያውቀዋል» አልኳት።

ቢሆንም ነገር እንዳይበዛ በባጃጅ ወደ ዘንገና ሐይቅ ዳር እየወሰድኩ አለማምዳት ጀመር።

ዳንግላ ያገባች አንዲት ልጅ አለችን። በደወለች ቁጥር «ስሜን እንኳ አንድ ጊዜ ብትጠራኝ» እያለች ታለቅሳለች። እኔም ሳልነግራት ስሟን ለእናቷ በዚያው ዜማ አስጠናኋት። ልጂቱ ለበዓል ስትመጣ ከእናቷ አጠገብ አስቀመጥኳትና «እንግዲህ ስሚ» አልኳት። እናቷ እጇን ይዛ ስሟን ጠራች፤ ረዘም አድርጋ፣ ሬሳ ፊት እንደሚጠራው።

የልጄ ፊት አመድ መሰለ። «በቁሜ አለቀሰችልኝ» አለች።

«አይደለም ልጄ፣ ሌላው መንገድ ተዘግቶባት እኮ ነው፤ አንጎል ማለት . . .»

«አባዬ፣ ይተዉኝ። ልጆች አሉኝ።»

እጇን አላቀቀች። በዚያው ቀን በሚኒባስ ተመለሰች።

ባለቤቴ ሁሉን ሰምታለች፤ መናገር እንጂ መስማት አልተሳናትም። ከዚያ ወዲህ ዜማውን ባነሳላት ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ዘንገናም ወስጄ ሞከርኩ። ውሃውን ብቻ ታያለች። ሲጠማት በግራ እጇ ታመለክታለች። ልጃችን አሁንም ትደውላለች፤ «እናቴን ያገናኙኝ» ግን አትልም።

እኔ የሠራሁትን ሌላ ማንም አይጽፍልኝምና ልጻፈው። ያለ አስተማሪ የነርቭን ሥራ አውቄያለሁ። አንጎል በእጄ ይዤ አጥንቻለሁ። ሐኪሙ ያልነገረኝን መንገድ ራሴ አግኝቻለሁ። የተዘጋ አንደበት «ውሃ ስጡኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ብርዱ በረታ» እንዲል አድርጌያለሁ። እናት የልጇን ስም ሙሉውን፣ አንዲት ፊደል ሳትስት እንድትጠራ አድርጌያለሁ።