አጥሩ የተለካበት ክንድ

የልጅ ልጆቼ «አውሪልን» ካሉኝ እምቢ አልልም። ትልቋ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ነው የምትሠራው። አጥር የሚያጥሩት ሰዎች ግማሾቹ በቀን፣ ግማሾቹ በሜትር ስለሚከፈላቸው ተጣሉ ብላ መጣች። «አያቴ፣ በእናንተ ጊዜስ በምን ነበር?»

እንደ አገሩ ነዋ! እኔና ባሌ አጥር ለማጠር ስንዞር አንድ ቦታ አንረጋም ነበር። ኩርሙክ በቀን ነው፤ ፀሐይ ስትገባ እጅህን ትዘረጋለህ። ቡለን እያበሉ ያሠሩናል፣ ሲያልቅ ማሽላ ያሸክሙናል። አሶሳ ስንገባ ግን በክንድ ሆነ፤ ክንዱ በበዛ ቁጥር ገንዘቡ ይበዛል።

ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ አንድ መምህር ግቢውን በቀርከሃ እንድናጥርለት ተነጋገርን። እኔ ቀርከሃውን እየሰነጠቅሁ አቀብላለሁ፣ ባሌ ይጎነጉናል። እጁ ጥሩ ነው፣ ግን ቀስ ይላል። «በቀን ከሆነ ቆሞ ይጨቀጭቀኛል፤ በክንድ ይሁን» ያለው እሱ ራሱ ነው። በዚያ ገንዘብ ዝናቡ ሳይመጣ ለቤታችን ቆርቆሮ ልንገዛ ነው። የሣሩ ጣሪያ በስብሶ፣ ያለፈውን ክረምት ልጃችንን አቅፈን ከጥግ ጥግ ስንሸሽ ነው የከረምነው።

አጥሩ አለቀ። መምህሩ ሊለካ መጣ፤ ቁመቱ መለሎ! ክንዱን አጥሩ ላይ ገና ሲያጋድም ባሌ ጮኸ።

«ወላሂ መምህር፣ ይሄ ክንድ ነው ወይስ የግመል አንገት? ቆርቆሮዬ አለቀልኝ!»

«ታዲያ በማን ይለካ?»

«በሠራው ሰው!»

«ያንተስ ክንድ መች ከኔ ያንሳል?»

«እኔን ማን አለ? ቀርከሃውን የሰነጠቀችው እሷ አይደለችም?»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። መቼም ታውቁኛላችሁ፤ ያኔም አጭር ነበርኩ። መምህሩ ጺሙን አሻሸና «ይሁን፣ የሠራች ትለካ» አለ።

ጎንበስ ብዬ ከጥግ እስከ ጥግ ለካሁ። የመምህሩ ሚስት በር ላይ ቆማ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ በሷ ክንድማ አጥራችን ኩርሙክ ይደርሳል!» ብላ ሳቀች። እሱ ግን አንድም ሳይቀንስ ከፈለን።

ዝናቡ ሲመጣ ቆርቆሯችን ሥር ሳንረጥብ ተቀመጥን። ባሌ ክንዴን ይዞ «ይቺ ናት ቤት የሠራችው» ይለኝ ነበር። አላህ ይዘንለትና፣ መምህሩን እንዴት እንደበለጠው ለሰው ሁሉ ሲያወራ ነው የኖረው።

ባሌ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ የመምህሩን ሚስት ገበያ ላይ አገኘኋት። ተቃቅፈን ያን አጥር አነሳን።

«እሱ እኮ» አለችኝ፣ «ቀርከሃውን ሲገዛ ነው ግቢውን በሜትር የለካው። አንቺ ስትለኪም ሜትሩ ኪሱ ውስጥ ነበር።»