እናቴን ከደጀ ሰላም የመለሰው ሰው

ያን ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ይቅር አላልኩትም። አላስቻለኝም ብል ውሸት ነው፤ አልፈለግሁም።

እናቴ ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በርበሬ ነግዳለች። ዛላ ስታሰጣ፣ ስትለቅም፣ ስትመዝን ኖራ ሳል ሳይለቃት አረጀች። ቅዳሴ ላይ በሴቶች በኩል ያ ደረቅ ሳሏ ሲሰማ «መጥታለች» ይባላል እንጂ ማንም ዞሮ አያያትም ነበር።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በዚያ ዓመት ሁዳዴ ከቤታችሁ ጸልዩ ተባለና የቤተክርስቲያኑ በር ተዘጋ። ውስጥ የቀሩት ጥቂት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ነበሩ። ስቅለትን አስፋልቱ ዳር ሰገድን። ትንሣኤን በቴሌቪዥን ስናስቀድስ ዲያቆኑ «ተነሡ» ባለ ቁጥር እናቴ ከሶፋው ትነሣለች፤ እኔ ከተቀመጥኩ ትቆጣኛለች።

ክረምት ሲገባ በሩ በጥቂቱ ተከፈተ። ግቢው ሣር ላይ በኖራ ክብ ክብ ተሠመረ፤ ለአንድ ሰው አንድ ክብ። የሰበካ ጉባኤ አባላት በተራ በር ላይ ቆመው ያስታጥባሉ፣ ማስክ ያያሉ። ያን እሑድ ተረኛው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ጎረቤታችን ነበር። ድምፁ ትልቅ፣ በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነው። የመስቀል ክትፎ ስንት ዓመት እናቴ እጅ በልቷል።

እናቴ ማስኳን አድርጋ፣ እጇን ታጥባ፣ ልትገባ ስትል ሳሏ መጣ። ጎንበስ ብላ ሳለች።

«ይቺ ሴትዮ ይዟታል!» ብሎ ጮኸ። «ራቁ! ከሷ ራቁ! ውጪ፣ ውጪ!»

«ጋሼ፣ የበርበሬ ሳል መሆኑን ያውቃሉ እኮ» አልኩት። አልሰማኝም። ሰዉ እየተገፋፋ ወደ ኋላ ሸሸ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በመሐላቸው ተመለሰች። መንገድ ላይ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቀስ በይ ልጄ፣ ሰው እንዳንነካ።»

በማግስቱ ከጤና ጣቢያ መጥተው ናሙና ወሰዱ። ከቀናት በኋላ ነጻ ናት የሚል ወረቀት ተሰጠን። የሱ ጩኸት ግን ከወረቀቱ ቀድሞ ገበያውን አዳርሷል። ደንበኞቿ ራቁ። ጎረቤት በራችን ጋ ሲደርስ መንገድ ይሻገራል። ወረቀቱን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። «እንደተሳሳቱ ለሰው ይንገሩልን» ብዬ ለመንኩት።

«እዛው ቁሚ» አለኝ፣ ደጃፉን ሳላልፍ። «ያደረግሁት ለሕዝብ ጤና ነው። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልሠራሁም።»

እናቴ ከዚያ ወዲያ ቤተክርስቲያን አልሄደችም። «ሰው ይረበሻል» ትላለች። ደወል ሲሰማ ፊቷን ወደዚያ አዙራ ትቆማለች። መስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዐረፈች። ሐኪሙ ልቧ ነው አለ፤ ሰፈሩ ግን የራሱን አለ። እድርተኛው ከሩቅ ቆመ። አስከሬኗን ተሸክመው እስከ ቤተክርስቲያኑ በር ያደረሷት ገበያ ላይ አጠገቧ የሚነግዱት ሐጂና ሦስት ጎልማሳ ልጆቻቸው ናቸው። ያ ሰውዬ ለቅሶም አልደረሰ።

መደቧን እኔ ተረከብኩ። ኖራው በዝናብ ታጠበ፣ ማስክ ተጣለ፣ ሰው እንደ ድሮው ተጋፍቶ ማስቀደስ ጀመረ። ሁሉም ረሳ። እኔ ለሚገዛኝ ሁሉ በርበሬውን ስመዝን ታሪኩን አብሬ መስጠት ያዝኩ። ስሙን እጠራለሁ፣ ሱቁን አሳያለሁ፣ «ይዟታል!» ሲል እንዴት እንደጮኸ አስመስዬ እጮኻለሁ። ከመስቃን ገጠር የምትመጣ ባልቴትም ሆነች ከወልቂጤ የሚመጣ ነጋዴ ሳይሰማ አይሄድም። በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ሰውዬው ወደቀ። ያን ቀን ቀደም ብዬ ቤቴ ገባሁና ብቻዬን ሳቅሁ።

ቆይቶ ሴት ልጁን ለወልቂጤ ሰዎች በተክሊል ሊድር ሆነ። የሙሽራው ቤተሰቦች ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ጠየቁ። ንስሐ አባቱም «ከሟቿ ልጅ ሳትታረቅ አትቆርብም» አሉት። ሽማግሌ ላከብኝ፤ መለስኳቸው። ደግሞ በግ አስነድቶ ላከ፤ በጉንም ሽማግሌዎቹንም መለስኩ። በሦስተኛው ሐጂን ይዘው መጡ።

«አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገብተው ተቀመጡ። «ልጄ፣ እዚህ መጥቶ እግርሽ ላይ ይወድቃል።»

«እዚህ አይደለም ሐጂ። እናቴን በመለሰበት በር ላይ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ በዚያው ድምፁ።»

«ይሄማ ማዋረድ ነው።»

«አዎ» አልኩ።

ሐጂ ለመሄድ ተነሡ። «እናትሽን ስንሸከማት እንደ ሕፃን ቀላል ነበረች» አሉ። «ይሁን። እነግረዋለሁ።»

እሑድ ሕዝቡ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሚስቱና ሙሽራዋ ልጁ ከኋላው ናቸው። ሐጂ ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል። ሰውዬው አቀርቅሮ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«አልተሰማም» አልኩ።

«እናትሽን በድያለሁ፣ ይቅር በዪኝ» አለ።

«አሁንም አልተሰማም። ያን ቀን ድምፅዎ አስፋልት ድረስ ይሰማ ነበር።»

ፊቱ ጠቆረ። ዞሮ ሊሄድ ነው ብዬ ሳስብ ቀና ብሎ ጮኸ፦ «ሴትዮዋ አልያዛትም ነበር! በሐሰት አዋረድኳት! በድያለሁ!» የሚወጣው ሰው ባለበት ቆመ። ልጁ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች። እኔ ስንት ቀን ተጠምቶ ውሃ እንዳገኘ ሰው ሆንኩ። እንደገና ይጩሁ ልለው ሁሉ አምሮኝ ነበር።

ሐጂ መንገዱን ተሻግረው መጡና ክንዴን ያዙኝ። «በቃሽ ልጄ፣ በቃሽ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ፣ በአፌ።

ሠርጉ ሆነ፤ ተጠርቼ አልሄድኩም። ሰውዬው አሁን በባጃጅ እየሄደ ሌላ ደብር ነው የሚያስቀድሰው። ባለፈው ፍልሰታ ልቆርብ ፈልጌ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ስታዋርጂው ደስ ብሎሽ ነበር?» አሉኝ።

«በጣም።»

«አሁንስ ተጸጽተሻል?»

ልዋሻቸው አልቻልኩም። «ሙሽራዋን ሳስብ ትንሽ። እሱን ሳስብ ግን ገና ነኝ አባቴ።»

«እንግዲያው ቆዪ» አሉ። «ሲጸጽትሽ ትመጫለሽ።»

እስካሁን አልተመለስኩም።