አሳማ ያልበላ ቤት

ወይዘሮ አፀደ ተከራያቸውን ጸዳለን በር ላይ ማስቆም የጀመሩት ያ ጉንፋን አሜሪካን ባጥለቀለቀበት በፈረንጆቹ 2009 መኸር ነው። ጸዳለ ከሆስፒታል ስትመለስ ጫማዋን ኮሪደሩ ላይ ታወልቃለች፤ የሥራ ልብሷንም ላስቲክ ውስጥ ትቋጥራለች። ማንም ሳያዛት ታደርገው የነበረ ነው፤ አሁን ግን በሩን ገርበብ አድርገው ይቆጣጠሯታል።

«ካልሲውንም!»

«እሺ፣ እትዬ።»

«የዚያን ቤት አየር ይዘሽብኝ እንዳትገቢ። ነፍሰ ጡር አለችብኝ።»

ነፍሰ ጡሯ አንድ ልጃቸው፣ ዴይኬር በሚሉት የሕፃናት መዋያ የምትሠራው መዓዛ ናት። ባሏ የጭነት መኪና ይዞ ስቴት ለስቴት ስለሚዞር፣ እስክትወልድ ላንግሊ ፓርክ እናቷ ጋ ገብታለች። ጸዳለ ከደብረ ብርሃን በዲቪ መጥታ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌ እያጠበች የተማረች ነርስ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ውስጥ ገቢውን በሽተኛ ቀድማ የምትመረምረው እሷ ናት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ሲቆጣት አንገቷን ትደፋለች።

የዚያን በሽታ ስሙ ነበር ክፉው። ሐበሻው ሁሉ «የአሳማ ጉንፋን» አለው። የወይዘሮ አፀደ የማኅበር ሴቶችም አሳማ ባልገባበት ቤት በሽታው እንደማይገባ ተስማሙ።

«በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው፣ እትዬ። አሳማ መብላት አለመብላት አይደለም። መዓዛ የመከላከያ መርፌውን ብትወጋ...»

«የአሳማ መርፌ? ለልጄ? አንቺ እዚያ እነሱ መሀል ስትውዪ ክርስትናሽንም ረሳሽው?»

አንድ ሰኞ መዓዛ ማሳል ጀመረች። ጸዳለ በግድግዳው በኩል ስትሰማ ቆይታ በሩን አንኳኳች። ወይዘሮ አፀደ ጠበብ አድርገው ከፈቱ።

«ብርድ ነው። ዝንጅብል አፍልቼላታለሁ።»

«ለነፍሰ ጡር ይከፋል፣ እትዬ። መድኃኒት አለው፤ ግን ቶሎ መጀመር አለበት። እኔው ልውሰዳት።»

«አንቺው አምጪው፣ አንቺው አክሚው! ደግሞስ ምን ሊባል ነው? የአፀደ ልጅ አሳማ በልታ ተኛች?»

በሩ ተዘጋ። ጸዳለ በስልክም ሞከረች፤ መዓዛ «አይም ፋይን፣ ጸዱ፣ ማሚ ትቆጣለች» ብላ ዘጋችው።

ከሁለት ቀን በኋላ የኢመርጀንሲው መቀመጫ ሞልቶ ሰው ወለል ላይ ተቀምጧል። አንድ ጎረምሳ ማስክ አድርግ ስትለው ፊቷ ላይ ወርውሮባት ገና መሳደቡን አልጨረሰም፤ ወይዘሮ አፀደ መዓዛን ደግፈው ገቡ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ማን እንደሆነች ሲያዩ ቆሙ።

«ሌላ ሰው የለም? ፈረንጅ ጥሩልኝ።»

«ፈረንጆቹ ተይዘዋል፣ እትዬ። ይቀመጡ። ሳል አላት?»

«የላትም።»

«ትኩሳትስ?»

«ምንም የላትም አልኩሽ! እርግዝናው ነው ያደከማት። ስሟን እዚያ በአሳማው በኩል እንዳትጽፊ።»

ቴርሞሜትሩም ትኩሳት አላሳየም። ሳልም ትኩሳትም ከሌላት ተራዋ ከብዙ ሰው በኋላ ነው። የመዓዛ ከንፈር ግን ጠቁሯል። ጸዳለ ጣቷ ላይ ኦክስጅን መለኪያውን አደረገችላት፤ ቁጥሩ ወረደ፣ አሁንም ወረደ።

«ትኩሳት የሚያወርደውን ታይለኖል ሰጥተዋታል?»

ወይዘሮ አፀደ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«መዓዚ፣ እኔን እዪኝ። አንቺ ንገሪኝ።»

መዓዛ እናቷን አየች፤ ከዚያ በየቃሉ መሀል እየተነፈሰች ተናገረች። «አይ ካንት ብሪዝ... ከሰኞ ጀምሮ... ዴይኬር ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ልጅ... ታማ ነበር።»

ጸዳለ ለቀሪው አልቆመችም። ዊልቼሩን ስባ በውስጠኛው በር ይዛት ገባች።

መዓዛ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች። ኦክስጅኑ በማስክ እየተሰጣት የሕፃኑ ልብ ምት አልተቋረጠም፤ ሐኪሙ ግን ምንም ቃል መስጠት አልፈለገም። በማግስቱ ዘመድ ሊጠይቅ መጣ። የማኅበሩ ሴቶች ፔርሙዝና የሾርባ ሣህን ይዘው ኮሪደሩን ሞሉት። በዚያ ሰሞን ለአንድ በሽተኛ የሚፈቀደው አንድ ጠያቂ ብቻ ነበር፤ ቋንቋቸውን ታውቃለች ተብላ ሴቶቹን እንድትመልስ የተላከችው ጸዳለ ሆነች።

«ሳንባ ምች ነው» እያሉ ያስረዳሉ ወይዘሮ አፀደ። ሲያዩዋት ድምፃቸው ከፍ አለ። «ይቺው መጣች! ቆሻሻ ልብሷን ቤቴ እያመጣች ልጄን ያስያዘችብኝ!»

«ጉድ ነው! አብሮ እየበሉ!» አለች አንዷ።

ከመሀል የነበሩት ወይዘሮ ስሂን ቀረብ አሉ። «እውነት ነው፣ ጸዳለ? አንቺ ነሽ?»

ስሟን ለማጥራት ዴይኬር የሚለው አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ነገር ግን በሽተኛ ለነርስ የነገረው ለሌላ አይነገርም፤ ሕጉም እንጀራዋም ይህ ነው። ወይዘሮ አፀደን አየቻቸው። ቃሉን መዓዛ ስትናገር አጠገቧ ነበሩ። አሁን ግን ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«የታማሚ ነገር አልናገርም» አለች ጸዳለ። «አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀረው። ሌሎቻችሁ ውጡልኝ።»

«ታባርረናለች ደግሞ!»

«አያችሁ፣ መልስ የላትም!»

«እርስዎም ማስክ ያድርጉ፣ እትዬ» አለች ለወይዘሮ አፀደ። «አለዚያ አላስገባዎትም።»

ሴቶቹ እያዩዋቸው ወይዘሮ አፀደ ማስኩን ከእጇ መነጨቁ። «ከሥራ ስትወጪ ዕቃሽን ከቤቴ አውጪ» ብለው አጠለቁትና ገቡ።

ጸዳለ ስካይላይን የሚባል ፎቅ ላይ የኪራይ ክፍል አገኘች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከጎኗ የሚቆሙ ሴቶች ራቅ ማለታቸውን የበረዶውን ክረምት ሙሉ አልተዉም። አንድ ቀን ስልኳ ጠራ።

«ጸዱ፣ መዓዛ ነኝ። ማሚ ሱቅ ወጥታለች። ወለድኩ እኮ፣ ሴት ናት።»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

«ክርስትናው እየደረሰ ነው... ግን እንዳትመጪ፣ ፕሊስ። ሰው ይሰድብሻል። የዴይኬሩንም አልነገርኳቸውም።»

«አውቃለሁ።»

ከስልኩ ማዶ ሕፃኗ ቀጭን፣ የተቆጣ ለቅሶ ጀመረች።

«ትጠባለች?» አለች ጸዳለ።

«በጣም! እረፍት የለኝም።»

«እስቲ ስልኩን አስጠጊላት» አለች፤ ሕፃኗ የምትተነፍሰውን አዳመጠች።