የዶክተር ምላጭ መዳፍ

የሰፈራችን ፀጉር ቆራጭ ጓንት አድርጎ መሥራት የጀመረ ሰሞን፣ ሥልጣኔ በእግሯ መጥታ ሱቁ የገባች መሰለን። ነጩን ጓንት ጥብቅ አድርጎ ምላጩን ከፍ ሲያደርግ፣ ፂሙን ሊላጭ የመጣው ሁሉ የልብ ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ይመስል ዓይኑን ይጨፍናል። በዚያው «ዶክተር ምላጭ» አልነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ተፎካካሪውም ቀንቶ ጓንት ገዛ፤ የሱ ግን እስከ ክርን የሚደርሰው ቢጫው የዕቃ ማጠቢያ ነበር።

ነገሩ ሥልጣኔ አልነበረም። የዶክተር ምላጭ መዳፍ መግል በቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች ተወርሮ ነበር። ይደርቃሉ፣ ይላጣሉ፣ ደግሞ እንደ አዲስ ይወጣሉ። «ይህን እጅ ያየ ደንበኛ ፂሙን እስከ ጉልበቱ ያሳድጋል እንጂ እኔ ዘንድ አይመጣም» ብሎ ደመደመና ሚስቱን «እናቴ ትሙት፣ ለማንም አልናገርም» አሰኛት። ከሷ በቀር ያወቀ የለም።

ከርሞ ደግሞ ከአንገቱ ሥር፣ ደረቱና ትከሻው የሚገናኙበት አጥንት አበጠ። ጠዋት ጠዋት ክንዱን ለማንሳት ክሬን ያስፈልገው ነበር። ረጃጅም ደንበኞቹን ዝቅ እንዲሉለት መለመን ጀመረ፤ አንድ የአውቶቡስ ሹፌርማ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነው የተቆረጠው።

«ምን ነካህ ወዳጄ?» አለው ሹፌሩ ከታች ሆኖ።

«ጆንያ ተሸክሜ ነው።»

ጆንያ ቀርቶ ዘንቢል እንኳ የምትሸከምለት ሚስቱ ናት።

ሕመሙ ሲብስበት ሐኪም ቤት ሄደ። አንቲባዮቲክ ዋጠ፤ ወይ ፍንክች። ራጅ ተነሳ፤ አጥንቱ ወፍሯል። በመጨረሻ «ካንሰር እንዳይሆን፣ ከፍተን ከአጥንቱ ቁራጭ ወስደን እንመርምር» ተባለ። መቀስ ጣቱን ሲጭረው እሪ የሚለው ሰውዬ «ይከፈት!» አለ። ጓንቱን ግን አላወለቀም።

ከመከፈቱ በፊት አንዲት የአጥንት ሐኪም እንድታየው ከሚስቱ ጋር ገባ። እብጠቱን ዳሰሰች፣ ራጁን አየች፣ ቀና አለችና፣

«ቆዳዎ ላይስ የሚወጣ ነገር አለ? እጅዎ ላይ፣ ውስጥ እግርዎ ላይ?»

«ኧረ በፍጹም! ቆዳዬ የሕፃን ነው» አለ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

«እስቲ ጓንቱን ያውልቁልኝ።»

«ብርድ አልችልም፣ ዶክተር።»

ክፍሉ ውስጥ ሻማ ቢያስቀምጡ ሳይለኩሱት ይቀልጥ ነበር።

ሚስቱ ከወንበሯ ብድግ አለች። «አንተ ሰው! እጅህን ላለማሳየት አጥንትህን ልታስቆርጥ? ምያለሁና እኔ አልናገርም፣ እናቴን አልገድልም። ግን አውልቅ!»

አወለቀ። አንድ ጣት በተላቀቀ ቁጥር ፊቱ ይቀላል፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ሳያመሰግናት አይገባም ነበር።

ሐኪሟ አልሸሸችም። እንዲያውም የጠፋባትን ቁልፍ እንዳገኘች ሁሉ ፊቷ በራ። «ይሄ መቼ ጀመረ?»

«ከአጥንቱ በፊት።»

«ታዲያ ለምን ለመጀመሪያው ሐኪም አላሳዩም?»

«እሱ ዘንድ የሄድኩት ለአጥንቴ ነው፤ ይሄ ደግሞ የቆዳ…» ድምፁ ጓዳ ገባ።

«ሁለቱ አንድ በሽታ ይመስሉኛል። ሰውነት በራሱ ላይ ሲቆጣ፣ አንዳንዴ ቆዳንም አጥንትንም አብሮ ያስቆጣል። ወደ ሰው አይተላለፍም። ቶሎ ባይለቅም ማስታገሻ አለው። መክፈቱን ለጊዜው እንተወው።»

«አይተላለፍም?» አለች ሚስቱ። «እና ስንት ዘመን በጓንት ስትዳብሰኝ የኖርከው በከንቱ ነው?»

ይህን ጊዜ ነው የባሰበት። ፊቱን በእጆቹ ሊሸፍን ፈለገ። ሐኪሟ ግን ሁለቱንም በባዶ እጇ ይዛ እያገላበጠች ታያቸው ነበር፤ አልለቀቀቻቸውም። ዶክተር ምላጭ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ እንደዚያው ፊቱን እንዳሳየ ቁጭ አለ።